ሁለቴ ተጫን

ግንቦት 29፣ ዓርብ ማታ

ክቡራን ዛሬ ከሐኪም ቤት ቀጥታ ወደ ስቱዲዮ መጣችብኝ። ስሟ ክቡራን አይደለም። አውቶብስ መናኸሪያው ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ማይክ ፊት ተቀምጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ክቡራንና ክቡራት ተሳፋሪዎች» ስትል ስለኖረች እኛ ጓደኞቿ ያወጣንላት ነው። እኔንም «ጆሮ» ይሉኛል፤ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ቀራጭ ነኝ።

ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ጆሮ፣ እንዳትደነግጥ። የድምፅ አውታሬ ላይ የሆነ ነገር በቅሏል አሉኝ» አለች።

ክፉ ነገር አይደለም አሉ። ግን መውጣት አለበት። ሐምሌ 3 ቀዶ ሕክምና ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ሊተርፍ ይችላል፣ ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ጭራሹንም ሊጠፋ ይችላል። «ሐኪሙ ለሕይወትሽ አያሰጋሽም አለኝ። ድምፄስ? ስለው ጣራ ጣራውን ያያል» ብላ ሳቀች።

ሰው እንዲህ ሲነገረው ምን ይላል? «አይዞሽ» ይላል። «እኔ አለሁልሽ» ይላል። እኔ ግን አዲሷን መቅረጫዬን አውጥቼ አሳየኋት። አቤት እኔ!

መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ናት። ክቡራን አገላብጣ አየቻትና ቀዩን ቁልፍ ተጫነችው። «ይሄ ለምንድን ነው ብልጭ ድርግም የሚለው?» አለችኝ። ገና መቅረጽ አልጀመረችም፣ ዝግጁ ነኝ ማለቷ ነው፣ የምትጀምረው ሁለተኛ ሲጫኗት ነው፣ ያኔ መብራቱ ቀጥ ብሎ ይበራል አልኳት። አንድ ሰልጣኝ አንዴ ብቻ ተጭኖ አንድ ሰዓት ሙሉ ቃለ ምልልስ አድርጎ ባዶ እጁን እንደተመለሰ፣ እኔም ሰው ፊት «ሁለቴ ተጫን! ይህን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል?» ብዬ እንደጮህኩበት ነገርኳት። በሳቅ ሞተች። ከዚያ ሳሉ ያዛት።

ስትወጣ በሩን ይዛ፣ «የኔን ድምፅ እኮ ማንም ቀርጾት አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ለፍልፌ ሁሉም አየር ላይ ቀረ» አለችኝ።

እኔ እቀርጽሻለሁ አልኳት። አራታችንም እንደ ድሮው አንድ ማታ እንውጣ አልኳት።

«ሐኪሙ ድምፅሽን ቆጥቢ ብሎኛል እኮ።»

«ታዲያ ለእኛ ቆጥቢልን።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም ነበር።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ለቅዳሜ ተቀጣጠርን። ምላጭ እሺ ብሏል፤ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ስሙ ግን የመጣው ከምላሱ ነው። ዜሮ መኪናውን ያመጣል። ዜሮ የሒሳብ መምህር ነው፤ ለሰው የሚሰጠው ውጤት ስሙ ሆኖ ቀረ።

አዲስ ባትሪ። ትርፍ ባትሪ። ባዶ ሚሞሪ። ረጅሙ የሄድፎን ገመድ። የንፋስ መከላከያ ስፖንጅ። እትዬ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ስታየኝ፣ «ልትዘምት ነው ወይስ ልትዝናና?» አለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው፤ ምንም አያልፋትም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ ለእሑድ

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ልጻፈው።

መጀመሪያ የድሮ ቤታችን ሄድን። በሃያዎቹ ዕድሜያችን ደመወዛችንን የጨረስንባት ያቺ ምግብ ቤት ጎማ ቤት ሆናለች። አራታችንም በር ላይ ቆመን ጎማ ስናይ ሻጩ ግራ ገባው። ምላጭ፣ «አራት ሰው የሚይዝ ጎማ አላችሁ? መስኮቱ ጋ ቢሆን ደስ ይለናል» አለው።

ሌላ ቤት ገባን። ጥሩ ነበር፤ ሙዚቃው ግን ግድግዳ ይነቀንቃል። ክቡራን ለመሰማት ስትጮህ አንጀቴን በላችው። እዚህ አይሆንም፣ ድምፅዋንም ትጎዳለች፣ ቀረጻውም ይበላሻል ብዬ ምግቡ በመያዣ ይሁንልን አልኩ። «ይሄ ሰውዬ ሠርጉ ላይም ቢሆን ሙዚቃ ቀንሱ ይላል» አለ ምላጭ። «መቼ አግብቶ?» አለ ዜሮ። ክቡራን ምግቡን መጠቅለል ጀመረች።

ዝናቡ ያዘን። መኪናዋን ዳገቱ አናት ላይ፣ ከተማው ቁልቁል ከሚታይበት አቁመን ውስጥ ተቀመጥን። ሰው አያውቀውም እንጂ ለድምፅ እንደ መኪና ያለ ስቱዲዮ የለም፤ ወንበሩ፣ ጣራው፣ ምንጣፉ ማሚቶውን ሁሉ ይውጠዋል። መቅረጫዋን ተጫንኩ። ምላጭ፣ «በሩን ዝጋው እንጂ፣ ዝናቡ አጠበኝ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ዘጋሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ፊቷን ወደ ክቡራን አዙሬ አስቀመጥኳት፤ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሄድፎኔን አደረግኩ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ገባልኝ። ትንፋሿ ሳይቀር።

«ምን ልበል?» አለች።

«ሥራሽን ሥሪ» አላት ዜሮ።

ጉሮሮዋን ጠረገችና ያቺን የመናኸሪያ ድምፅዋን አወጣቻት። «ክቡራንና ክቡራት ተሳፋሪዎች፣ ወደ ሃያ ሦስት ዓመታችሁ የሚጓዘው አውቶብስ መውጫ ቁጥር ሦስት ላይ ቆሟል። ፀጉር የነበራችሁ ተሳፋሪዎች ቅድሚያ ግቡ።» ዜሮ መላጣውን እየዳበሰ አጨበጨበ። «ዜሮ የሰጣችሁን መምህር ይቅር ያላችሁ በነፃ ትሳፈራላችሁ። ወደ መጀመሪያ ደመወዛችን የሚሄደው አውቶብስ በአስር ቀን ውስጥ ባዶውን ይመለሳል።» ምላጭ በሳቅ ፍርፍር ብሎ ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ መታው።

ከዚያ ዝግ ብላ፣ «ጆሮ የተባሉ ተሳፋሪ፣ ጆሮ የተባሉ ተሳፋሪ፣ አውቶብሱ ሊነሳ ስለሆነ ገመድ መጠቅለሉን ትተው በአስቸኳይ እንዲመጡ» አለች። እነሱ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሦስት ሰዓት ያህል እንዲህ ሆንን። በመጨረሻ እንሂድ ሲባል መኪናዋ አልነሳ አለች፤ ዜሮ መብራት አብርቶ ባትሪዋን ጨርሷል። ሒሳብ መምህር! እሱና ምላጭ አንድ ጃንጥላ ተሻምተው የባትሪ ማገናኛ ገመድ ያለው መኪና ፍለጋ ወረዱ። እኔና እሷ ቀረን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ክቡራን ዘወር ሳትል፣ ወደ መቅረጫዋ ጠጋ ብላ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች። ያለ ሄድፎን አይሰማም ነበር። እኔ ሰማሁት። ከዚያ በመስታወቱ አየችኝ። እኔ የድምፅ መጠን የማስተካክል መስዬ አንገቴን ደፋሁ። ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም፤ ቀረጻው ላይ አለ።

እነምላጭ ገመድ ይዘው መጡ። ቤት ገባን። እንደዛሬ ያለ ማታ ከሃያ ዓመት ወዲህ አላሳለፍኩም።

ሰኔ 8፣ እሑድ

የለም።

ሚሞሪው ባዶ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። የጠፋ ፋይል የሚመልሰውን ፕሮግራም ከፈትኩ። አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

አንዴ ነው የተጫንኩት። በሩን ዝጋ ሲለኝ በሩን ዘጋሁ። በሄድፎን የሰማሁት ማይኩን ነው እንጂ ቀረጻውን አይደለም። አንዴ ብቻ ስትጫናትም ታሰማለች፤ ይህን እኮ ለሰልጣኞች የማስተምረው እኔ ነኝ!

ሃያ አራት ዓመት በዚህ ሙያ። አፈር ልብላ።

ያ የመጨረሻውም የለም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ክቡራን ደወለች። ድምፅዋ ሻከር ብሏል።

«ሰማኸው?»

«እያጸዳሁት ነው። ዝናቡ ትንሽ አስቸግሮኛል።»

«መጨረሻው ላይ ደረስክ?»

«ገና ነኝ» አልኳት።

«እሺ። ስትደርስ ንገረኝ» አለች። ስልኩን ቀድማ ዘጋች። ሁልጊዜ ቀድሜ የምዘጋው እኔ ነበርኩ።

ነገ እነግራታለሁ። የሙያ ስህተት ነው፣ በማንም ላይ ይደርሳል። ይቅርታ ብሎ መገላገል ነው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

አልነገርኳትም። ስብሰባ ነበረብኝ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ፀጉሬን ልስተካከል ሄጄ ጉድ ሆንኩ። ምላጭ ለደንበኛው ሁሉ ወሬውን ነዝቶታል። ገና ስገባ፣ «ይኸው የዘመናችን ጆሮ! መቼ ነው የምታመጣልን? ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ነው የምከፍተው» አለኝ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸው በሳሙና እንደተሞላ ዘወር ብለው፣ «የመናኸሪያዋ ልጅ ናት? እኔ እኮ ወደ ልጄ ቤት ስሄድ የምነሳው በሷ ድምፅ ነው» አሉ።

«ዝናቡን እያጸዳሁ ነው» አልኩ።

«አንተ፣ ዝናቡ ራሱ ካቆመ ቆየ እኮ!» አለ ምላጭ።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ውሸት ሲደጋገም ለራስም እውነት ይመስላል መሰለኝ፤ ወደ ቤት ስመለስ የትኛውን ድምፅ ቆርጬ እንደማወጣ አስብ ነበር። ምኑን ነው የማጸዳው? አየሩን?

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ ማታ

ስልኬን በረበርኩት። የድምፅ መልእክት ትታልኝ ይሆናል ብዬ። ክቡራን መልእክት አትወድም፤ «ከማሽን ጋር የማወራው ደመወዝ ሲከፈለኝ ብቻ ነው» ትላለች። አንድ አገኘሁ። ያለፈው ዓመት ነው። ዘጠኝ ሰከንድ።

«ጆሮ፣ ጃንጥላህን ረስተሃል። ቢሮዬ ነው ያለው። ስትፈልግ መጥተህ ውሰድ… ወይም አትውሰድ፣ እኔም እፈልገዋለሁ።»

ከዚያ ትስቃለች፣ ሳቋ መሐል ላይ ይቆረጣል።

ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አልቆጠርኩም። እትዬ ከማዶ ክፍል ግድግዳውን ደበደበችው። «አንተ! ስንት ጃንጥላ ነው የረሳኸው?»

በሄድፎን ቀጠልኩ።

ሰኔ 22፣ እሑድ ሌሊት

ያለችውን ሁሉ ከአእምሮዬ ለመጻፍ ሞከርኩ። አውቶብሶቹን በተራ። ወደ ሃያ ሦስት ዓመታችን። ወደ መጀመሪያ ደመወዝ። ወደ ዜሮ ፀጉር። ስድስት ገጽ ሞላ። ቃሉ አለ፤ ድምፁ የለም። «መውጫ ቁጥር ሦስት» ስትል ሦስት ላይ ድምፅዋን ትንሽ ታነሳታለች፣ ልክ ደረጃ ላይ እግር እንደማንሳት። ይሄ እንዴት ተደርጎ ይጻፋል?

ስለ ገመዱ የተናገረችው ከነከነኝ። ያኔ፣ ወጣት ሆነን፣ አንድ ትልቅ ዝግጅት ላይ ድምፅ እኔ ነበርኩ የምሠራው። ሲያልቅ ዳንስ ሆነ። እሷ ብቻዋን ቆማ ወደ እኔ አየች። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር፤ መቶ ሜትር ገመድ፣ ዝም ተብሎ የማይተው። ልጨርስና እሄዳለሁ አልኩ። ስጨርስ ከአንድ የመናኸሪያ ባልደረባዋ ጋር ስትደንስ ነበር። በዓመቱ እሱን አገባች። ሠርጉ ላይ ድምፅ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ስድስት ዓመት ሆነው ከሞተ።

ገመዱን ግን እንዴት አድርጌ እንደጠቀለልኩት! አንዲት ሽክርክሪት አልተዛነፈም። አለቃዬ አመሰገነኝ።

መኪናው ውስጥ ያለችውን ልጽፈው ነበር። «ያኔ ብት…»

አይ።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ዛሬ ዘዴ አገኘሁ አልኩና ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ሥራ ላይ እያለች ከድምፅ ማጉያው ሥር ቆሜ እቀርጻታለሁ፤ መቼም ያንን አይተካም፣ ግን ባዶ እጅ ከመሆን ይሻላል። ሕዝቡ፣ ሻንጣው፣ የሞተሩ ጩኸት። ምሰሶ ተደግፌ መቅረጫዋን አወጣሁ። አንዴ ተጫንኩ። ሁለቴ ተጫንኩ። መብራቷን አየሁ። ቀጥ ብላ በርታለች። ደግሜ አየሁ። ሦስተኛም አየሁ።

ድምፅ ማጉያው ኳ አለ። «ክቡራንና ክቡራት ተሳፋሪዎች…»

የሌላ ሰው ድምፅ ነው። የልጅ እግር ድምፅ፣ ጥሩ፣ ንጹሕ፣ ምንም ስህተት የለበትም። ሦስት ሲል እንደ ሁለትና እንደ አራት ነው የሚለው።

ቲኬት ቆራጯን ጠየቅኳት። «እሷማ ከሰኞ ጀምሮ እረፍት ላይ ናት፤ ድምፅሽን አታውጪ ብለዋታል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እርስዎ ዘመድ ነዎት?» አለችኝ።

«ጓደኛ ነኝ» አልኩ። አምስት ቀን ሙሉ ሳላውቅ! አለመደወሌ ነዋ። እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ አልደወልኩላት፤ ያቺው የቀረቻት ድምፅ ሳልሰማት ባከነች።

ያን ቀረጻ አልሰረዝኩትም። አራት ደቂቃ የሌላ ሰው ድምፅ። ጥርት ያለ ቀረጻ ነው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ነገ ነው ቀዶ ሕክምናዋ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ማልጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ተለማመድኩት። «ስሚ፣ ቀረጻው የለም። ጥፋቱ የኔ ነው።» አሥር ቃል እንኳ አይሞላም።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ታናሽ እህቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቶች። ምላጭና ዜሮም ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ክቡራን ጥግ ወንበር ላይ ናት፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ አድርጋለች። አጠገቧ ቦታ ለቀቁልኝ። ወሬው ሲደራ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ድምፅዋ አልቋል፤ እንደ ተቀደደ ወረቀት ነው የሚሰማው።

«መጨረሻው ላይ ደረስክ?»

ሁሉም ሰው ያወራል። ማንም አይሰማንም ነበር። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም።

«አልደረስኩም» አልኳት።

ዓይኖቼን አየቻቸው። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና፣ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ በጽሑፍ ነው የምንነጋገረው» አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ያ ፈገግታ ከሚገድለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ እህቷ በሩ ላይ ለአክስቷ፣ «ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ስታይ ነበር። ‹ድምፄን ለሱ ነው የቆጠብኩት› ስትል፣ እኔ ለሐኪሙ መስሎኝ» ስትል ሰማኋት። መንገዱ ሁሉ ጠፋኝ።

ፈሪ። ፈሪ ብቻ አይደለሁም፤ የፍርሃት ባለሙያ ነኝ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገባች። ስምንት ሰዓት ወጣች። ዜሮ ደወለ፤ «በሰላም አልቋል፤ ድምፁን ግን ሲድን ነው የምናውቀው ብለዋል።» ሦስት ሳምንት አንዲት ቃል መተንፈስ የለባትም። ሹክሹክታም ክልክል ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ መብራት አጥፍቼ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። እዚያ ክፍል ድምፅ አይወጣም፤ ግድግዳው ስፖንጅ ነው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ወደ ቤቷ ተመልሳለች። እነምላጭ ሁለቴ ጠይቀዋታል። እኔ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ፣ እንዳላስይዛት።

ምላጭ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። ሲመጣ እንደሌላው ጊዜ አልቀለደም። «አንተ ሰውዬ፣ ቀረጻውን እርሳው። የለም አይደል?» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ሃያ አምስት ዓመት አውቅሃለሁ። አንተ ጥሩ ነገር ሠርተህ አንድ ሌሊት አሳድረህ አታውቅም፤ በማግስቱ ጆሯችንን ታደነቁረናለህ።» ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። «እሷ ቴፕ አይደለም የምትጠብቀው። ይሄን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም።»

ተቆጣሁት። የሙያ ጉዳይ ነው፣ አይገባህም አልኩት። «የሙያ ጉዳይ!» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። በሩን አልዘጋውም።

እትዬ ማታ ሾርባ እያቀረበችልኝ፣ «ጉንፋን የያዘው ሰው አያስልም?» አለች። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጨመረችም። እሷ ዝም ስትል ነው ከሁሉ የምፈራት።

ሐምሌ 13፣ እሑድ ማታ

ሄድኩ።

መቅረጫዋን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ባዶዋን ላሳያት ብዬ ነው። እህቷ ከፈተችልኝና ገበያ ልሂድ ብላ ወጣች። ክቡራን መስኮት ሥር ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችው ትንሽ ደብተርና እርሳስ አለ። እርሳሱን በጥርሷ ነክሳዋለች፣ ድሮም ታደርገው ነበር። ውጪ ዝናብ ነው።

ሳልቀመጥ ነገርኳት። «ቀረጻው የለም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። አንዴ ብቻ ነው የተጫንኩት። አምስት ሳምንት ሙሉ ስዋሽሽ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸሁሽ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ታለቅሳለች አልኩ። እየሳቀች ነው። ያለ ድምፅ፣ አፏን በእጇ ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ እርሳሱን አነሳች።

«አውቃለሁ።»

ገልበጥ አደረገችና ሌላ ገጽ ላይ፣ «ብልጭ ድርግም ስትል አመሸች። ፊቷን ወደ እኔ አዙረህ አይደል ያስቀመጥካት?»

ተቀመጥኩ። መቅረጫዋን ከኪሴ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አደረግኳት። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ብዙ ጻፈች። ጠበቅኳት። ስታወራ እንዲህ ታግሼ ጠብቄያት የማውቅ አይመስለኝም። አዙራ አሳየችኝ፦ «ብነግርህ ማሽንህን ስትነካካ ታመሽ ነበር። እንድትቀርጸኝ ሳይሆን እንድትሰማኝ ነበር የፈለግኩት። ደግሞ እየተቀረጸ ቢሆን ያንን ለማለት ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር።»

ከሥሩ፦ «ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ «መጨረሻው ላይ ደረስክ?» ስትለኝ መጨረሻ የሚባል ነገር እንደሌለ እያወቀች ነው። የምትጠይቀኝ ስለ ፋይል አልነበረም። ልጻፈው እንግዲህ፣ ምን ቀረኝ። ያን ማታ፣ እነምላጭ ጃንጥላ ተሻምተው ሲወርዱ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ያለችኝ ይሄን ነው፦

«ያኔ ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር። አሁንም ብትጠይቀኝ እሺ እልሃለሁ። በራሴ ድምፅ እንድልህ ግን ቶሎ ጠይቀኝ።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቶሎ ጠይቀኝ ብላኝ አምስት ሳምንት ዝናብ አጸዳሁ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት። «ያኔውኑ ነው የሰማሁት። እያንዳንዷን ቃል።» ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ድምፅሽ እያለ መጠየቅ ነበረብኝ። ዘገየሁብሽ። ባይገባኝም፣ አሁን ልጠይቅሽ?»

እርሳሱን አላነሳችም። ጠበቀችኝ። ስለዚህ ጠየቅኳት። ምን ብዬ እንደጠየቅኳት እዚህ አልጽፈውም፤ ቀረጻው ላይ አለ።

ምክንያቱም ተናግሬ ስጨርስ ክቡራን እጇን ዘረጋችና ከጉልበቴ ላይ መቅረጫዋን ወሰደች። ቀዩን ቁልፍ አንዴ ተጫነችው። መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ልክ እኔ ሰልጣኞቼን እንደማየው። ሁለተኛ ተጫነችው። ቀጥ አለች። ጠረጴዛው ላይ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ አስቀመጠቻትና ደብተሯ ላይ በትልቁ ጻፈች፦

«ድገመው።»

ሄድፎን አልነበረኝም። ደገምኩት።

አሁን ቤት ነኝ። ቀረጻው አርባ አንድ ሰከንድ ነው። መጀመሪያ እኔ አለሁ፣ እየተንተባተብኩ፣ አንድ ቃል ሁለቴ ብዬ። ከዚያ ዝናብ። ዝናቡን አልነካውም። ከዚያ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ይሰማል። አጭር ነው፤ ሁለት ፊደል።

ድምፅዋ ይመለስ አይመለስ ሐምሌ 24 ነው የሚታወቀው። ተመለሰ አልተመለሰ፣ በዚያ ቀን ሐኪም ቤት በር ላይ ከእህቷ ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ።

ለእትዬ አሰማኋት። ሄድፎኑን አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ያንተን መንተባተብ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ ጭረት ነው» አለችኝ።

«ደግመሽ ስሚው» አልኳት። «እሷ ናት።»

እትዬ ዓይኗን ጨፍና፣ ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ እንደገና ሰማች።